በሁለተኛው ቁልፍ የተገኘው መቀስ

ልብስ ሰፊው የተገኘው በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው። ከበር ላየው ሰው ጨርቅ ሊያሰምር ያጎነበሰ ይመስላል፤ ጠመኔው እንኳ ከጣቶቹ መካከል አልወደቀም። ከጎድኑ ሥር ግን ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነበር። ትልቁ መቀስ ለሠላሳ ዓመት የተንጠለጠለበት ምስማርም ባዶውን ቀርቷል።

ኢንስፔክተሩ ወደ አስከሬኑ ከመጠጋቱ በፊት ክፍሉን ቀስ ብሎ ዞረው። «ሟች የትም አይሄድም፤ የሚሄደው ክፍሉ ነው» ይል ነበር ለአዳዲስ ፖሊሶች። ሦስት የስፌት ማሽኖች አሉ፤ ሁለቱ በእግር የሚረገጡ አሮጌዎች፣ አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ጥግ ላይ እስከ አፉ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላ ጆንያ ቆሟል። በኤሌክትሪኩ ማሽን ሥር፣ ከፔዳሉ አጠገብ፣ ከባድ ካውያ በጎኑ ወድቋል።

«ካውያ ወለል ላይ ምን ይሠራል?» አለ።

ሳጅኑ መልስ ቸግሮት አያውቅም። «ልብስ ተኳሹ ነዋ! ባለፈው ሳምንት የሰው ኮት አቃጥሎ የተባረረው። ‹እጅህን ይስበረው!› ብሎ ረግሞ ነው የወጣው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«ካውያው ደም የለበትም።»

«ሊመታበት አነሳው፣ ከበደው፣ ጣለው፣ መቀሱን አነሳ።»

«አጠገቡ ቆመህ ነበር እንዴ?»

ሳጅኑ ሳቅ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ፣ ሮጦ የሚይዝ፣ ጽሑፍ ግን እንደ ኪኒን የሚመርረው ሰው ነበር።

አስከሬኑን ያገኘው የሟቹ ዋና ሠራተኛ ነው። የሜትር ገመድ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሁሉም «ሜትሮ» ይለዋል። አሥራ ስምንት ዓመት እዚሁ ሠርቷል፤ የሚኖረውም በሟቹ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ ሜትሩን በጣቱ ይጠቀልላል፤ ይፈታል።

«ከስምንት ተኩል ጀምሮ አልነበርኩም» አለ። «አንድ ደንበኛችን ቤት ሱፍ ላስሞክር ሄጄ ነበር፤ እስከ አሥር ተኩል እዚያው ነኝ፤ ጠይቋቸው። አሥራ አንድ ሲሆን ተመለስኩ። ገባሁ፤ ጋሼን እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ጮህኩ።»

ደንበኛው ተጠየቀ፤ እውነት ነበር። ጎን ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤትም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የስፌት ማሽኑ ድምፅ በግድግዳው ሲሰማት እንደነበር ለሳጅኑ ነገረችው። ሐኪሙ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብሎ ከዚያ በላይ ሊያጠብበው አልቻለም። እስከ አሥራ አንድ የሰፋ ሰው እስከ አሥራ አንድ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ተኳሹ ደግሞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በቅያሱ ሲንጎራደድ ታይቷል።

«አለቀ» አለ ሳጅኑ እጁን አራግፎ።

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን ከፈተና ሦስት ትእዛዝ ጻፈ። ባለ መድኃኒት ቤቷ የሰማችው ሁሉ ደቂቃ በደቂቃ ይጠየቅ። ጆንያው በምስክር ፊት ይዘርገፍ፤ የወጣው ሁሉ ይመዝገብ። ካውያው ለምን ወለል ላይ እንደተገኘ ይጣራ። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ፈረመ።

«አንድ ጆንያ ብጣሽ ልቁጠር? በዚህ ዕድሜዬ?»

«በዚህ ዕድሜህ» አለ ኢንስፔክተሩ። የልብስ ቤቱም በር ታሸገ።

*

ተኳሹ በማግስቱ ተይዞ መጣ። ረጅም፣ ጎባጣ ሰው ነው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ነካ።

«ረግመኸዋል?»

«ረግሜዋለሁ። እርግማን ቢሠራ ኖሮ እኔስ በሕይወት እኖር ነበር? ሚስቴ በየቀኑ ነው የምትረግመኝ።»

«በቅያሱ ምን ስትሠራ ነበር?»

ተኳሹ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ ልጠይቀው ነው የሄድኩት። ሌላ ሥራ ላግኝ ብዬ ዞርኩ፤ ኮት ያቃጠለ ሰው ማን ይፈልጋል? ግን ማሽኑ ይጮኻል። ጋሼ ሲሰፋ ከገቡበት አይጣል ነው። እስኪያቆም ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ። አላቆመም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ እግሬ ደነዘዘ፤ አላቆመም! ‹ዛሬ ይሄ ሰውዬ መጋረጃ ለከተማው ሁሉ ይሰፋል እንዴ› ብዬ ሄድኩ።»

ወዴት? አውቶቡስ መናኸሪያ፤ የጭነት ሥራ ለመጠየቅ። አሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ እዚያ መድረሱን ሦስት ጫኞችና አንድ ተቆጣጣሪ መሰከሩለት። እየተራገመ መጣ፤ እየተራገመ ሄደ።

ኢንስፔክተሩ «አላቆመም» የሚለውን ቃል ከሥሩ አሰመረበት።

*

በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሳጅኑ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ፊቱ በላብ አብረቅርቋል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከጠረጴዛው ላይ አኖረና እንደ ሙሽራ ዐይነ ርግብ ገለጠው።

ትልቁ መቀስ ነበር። መጋጠሚያው ላይ የደረቀ ጥቁር ደም አለ።

«ከየት?»

«ከሜትሮ ፍራሽ ውስጥ። ሰፍቶ ነው ያስገባው፤ ስፌቱን ቢያዩት ፋብሪካ የሠራው ይመስላል። ያ ሰው ከመጀመሪያው አላማረኝም። ልጅቷን፣ የሟቹን ልጅ አነጋገርኳት፤ ‹አባቴ ከሞተ ወዲህ ክፍሉን መቆለፍ ጀምሯል› አለችኝ። እሷ ጋ ሁለተኛ ቁልፍ አለ...»

«የፍርድ ቤት ትእዛዝስ?»

ሳጅኑ የጋዜጣውን ጫፍ መልሶ ማጠፍ ጀመረ።

«ጆንያውስ? ተዘረገፈ?»

«ኢንስፔክተር፣ ደሙ ያለበት መቀስ አምጥቼልዎት ስለ ብጣሽ ይጠይቁኛል?»

*

ዐቃቤ ሕጓ መቀሱን አልነካችውም። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጋዜጣውን ገልጣ አየችና መልሳ ከደነችው።

«ቤቱ እየነደደ ነበር? ሰው ድረሱልኝ ይል ነበር?»

«የለም» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እሱስ ግቡ ብሏል?»

«ሥራ ላይ ነበር። ሌላ ልብስ ቤት ለጊዜው ገብቷል።»

«እንግዲያው ይሄ መቀስ ለኔ የለም። ልጅቷ የቤቱ ባለቤት ብትሆንም ክፍሉ የሱ መኖሪያ ነው፤ ቁልፍ ስላላት ብቻ ፈቃድ መስጠት አትችልም። ሕጉም እንዲህ የመጣ ማስረጃ አይቀበልም፤ መቀሱ መርቶ ያደረሰህ ቦታ ሁሉ አብሮ ይወድቃል። አንዱን ክር ስትስበው ልብሱ በሙሉ ይተረተራል።»

«ደሙ እውነተኛ ደም ነው» አለ ሳጅኑ። «ሰውየውን የገደለ መቀስ ነው! ይሄ ዐይን ያለው ሕግ ነው?»

«ነገ አንተ ቤት በሌለህበት ገብተው የፈለጉትን አገኘን ቢሉ ዐይኑን ትፈልገዋለህ።»

ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መልሼ ላስቀምጠው። ከሰዓት ትእዛዝ እናወጣለን፤ ምስክር ይዘን እንገባለን፤ እናገኘዋለን። ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ፤ እኔ አውቃለሁ፤ ልጅቷ ታውቃለች። አሁን ደግሞ እሷም ሰማች» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ ዐቃቤ ሕጓ እየጠቆመ። «አራት ሰው የያዘው ምስጢር አዋጅ ነው።»

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች ዐቃቤ ሕጓ፣ «ሁለተኛ ካልተባለ። ይልቅ ስሙኝ። መቀሱን ሳታዩ የጀመራችሁት መንገድ ካለ፣ መጀመሩንም በወረቀት ካሳያችሁኝ፣ እሱን ይዤ መሄድ እችላለሁ።»

ኢንስፔክተሩ መስኮቱን እያየ ነበር። «የዚያ ክፍል ቁልፍ ስንት ነው?» አለ።

«ሁለት» አለ ሳጅኑ። «አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ...»

አልጨረሰውም። ሜትሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል። ፍራሹን ይዳስሳል። ከዚያ የሁለተኛውን ቁልፍ ባለቤት ለማግኘት ግቢውን መሻገር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

*

ልጅቷ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥቁር ለብሳ ለለቀስተኛ የሚሆን ወንበር ትደረድር ነበር።

«ልጄ፣ ዛሬን ዘመድ ቤት ብታሳልፊ?»

«አባቴ ገና ሦስት ቀኑ እኮ ነው። ሰው ሊያስተዛዝነኝ ሲመጣ በሩን ማን ይክፈት?» ወንበሩን አስቀምጣ ቀና አለች። «እሱ ነው፣ አይደል? እና አልያዛችሁትም።»

«ገና ነው።»

«ሳጅኑ ቁልፉን ሲጠይቁኝ ችግር አለው አላሉኝም።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ የኛ ነው።»

«የማንም ይሁን፣ እዚህ የማድረው እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «በመጀመሪያው ቀን ለሳጅኑ ነግሬያቸዋለሁ። አባቴ ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ‹ልብስ ቤቱንም መቀሱንም ለልጄ ነው የምተወው፤ አንተ አግዛት› አለው። ሜትሮ አልተቆጣም። ሻዩን ጨረሰ፣ ብርጭቆውን አጠበ፣ ‹ይገባል ጋሼ› ብሎ ወጣ። ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም።»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኑን በግቢው በር አጠገብ አስቀመጠው። «አትግባ፣ አትንካ፣ አታውራ። ከእሷ ግን ዐይንህን እንዳትነቅል።»

ሳጅኑ በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመኑ እንዲህ ትንሽ ሆኖ አያውቅም።

*

የልብስ ቤቱ ማሸጊያ ስምንት ሰዓት ላይ ተቆረጠ። ባለ መድኃኒት ቤቷና ከቅያሱ ማዶ ያለ ሰዓት ጠጋኝ ምስክር ሆነው ቆሙ። ኢንስፔክተሩ አስቀድሞ ሴትዮዋን አስቀመጣት።

«ለሳጅኑ ነግሬዋለሁ እኮ» አለች። «እስከ አሥራ አንድ ማሽኑ ይሰማ ነበር። ደግሞም አሰፋፉ! ሌላ ጊዜ ጋሼ ሰፋ ያደርግና ያቆማል፤ ሰፋ ያደርግና ያቆማል። ያን ቀን እንደ ወፍጮ ነው። ራሴን አመመኝ፤ ከራሴው መደርደሪያ ኪኒን አንስቼ ዋጥኩ።»

«አሥራ አንድ ሲሆን ምን ሆነ?»

«ሜትሮ መጣ። ‹እንዴት ዋልሽ እትዬ› አለኝና ገባ።»

«ከገባ በኋላ የሰሙትን በቅደም ተከተል ይንገሩኝ። አይቸኩሉ።»

ሴትዮዋ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ጉንጯ ሄደ። «ኧረ በስመ አብ» አለች።

ያለችውን ቃል በቃል ጻፈ፤ አንብቦላት አስፈረማት።

ከዚያ ጆንያው ተዘረገፈ። ሱፍ፣ ከፋይ፣ ጥጥ፣ የኪስ ጨርቅ። ሰዓት ጠጋኙ እንደ ሰዓት ዕቃ እየለየ ይደረድር ጀመር። የተፈለገው ነገር ከላይ ነበር፤ አራተኛው ብጣሽ። አንድ መዳፍ የሚሰፋ፣ ክንድ የሚያህል ግራጫ ገበር ነው። መካከሉ ላይ ክሩ ተደራርቦ እንደ ገመድ ወፍሯል፤ ከዚያ አልፎ ጨርቁ በመርፌ ተወጋግቶ እንደ ወንፊት ሆኗል።

«ይሄን ምን ዓይነት እብድ ሰፋው?» አለ ሰዓት ጠጋኙ።

ኢንስፔክተሩ ብጣሹን ወደ ኤሌክትሪኩ ማሽን ወስዶ ለካ። ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን አየ፤ ካውያው የነበረበትን ቦታም አየ።

አሥር ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕጓ ሁሉንም አነበበች። የመጀመሪያውን ቀን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አየችው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፊርማውን።

«መቀሱ ባይመጣም ጆንያውን ትዘረግፈው ነበር?»

«ትላንት መዘርገፍ ነበረበት።»

«የሜትሮ ጠበቃ ይከራከርብሃል።»

«ይከራከር።»

የመያዣ ትእዛዙን ይዛ ወደ ዳኛው ክፍል ሄደች፤ ፈርሞበት መለሰላት።

*

ሜትሮ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ኢንስፔክተሩ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ግቢው ሲደርስ ለቀስተኞቹ አልነበሩም፤ ባዶ ወንበሮች ብቻ ተደርድረዋል። ሜትሮ በክፍሉ ደጃፍ ቆሟል። ከኋላው ፍራሹ ተገልብጦ፣ ሆዱ ተተርትሮ ይታያል። ልጅቷ መካከል ላይ፣ ሳጅኑ ከፊቷ።

«እኔ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው» ይላል ሜትሮ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ሜትሩን በሁለት እጁ ወጥሮ ይዞታል። «እህቴ፣ ቤቴ ማን ገባ?»

«እኔ ነኝ የገባሁት» አለ ሳጅኑ። «ከኔ ጋር ተነጋገር።»

«ያለ ወረቀት?»

«ያለ ወረቀት» አለ ሳጅኑ።

ሜትሮ ፈገግ አለ። «ደግ። እንግዲህ ያገኘኸውን ውሰደው፤ በነፃ ሰጥቼሃለሁ። እኔና እህቴ ግን ጎረቤት ሆነን እንኖራለን።»

«ስለ ፍራሹ አልመጣሁም» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ። «ይሄ የመያዣ ትእዛዝ ነው። መናገር አትገደድም፤ የምትናገረው ይጻፍብሃል፤ ጠበቃ መጥራት ትችላለህ። ገባህ?»

«ገባኝ። በምን ምክንያት?»

«በማሽኑ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለ መድኃኒት ቤቷን ሰላም ብለሃት ስትገባ ማሽኑ እየሰፋ ነበር። ከገባህ በኋላ ነው የቆመው። ጩኸትህ ከዚያ በኋላ ነው፤ ‹አንድ ጠርሙስ አንስቼ እስካስቀምጥ ድረስ ቆይቶ› ነው ያለችው። የሞተ ሰው እየሰፋ አገኘኸው፣ አጠፋኸው፣ ከዚያ ጮህክ።»

ሜትሮ የወጠረውን ሜትር አላላው።

«ስምንት ሰዓት ላይ ገደልከው። ከዚያ የገበር ጨርቅ ቆርጠህ፣ ጫፍና ጫፉን ሰፍተህ ቀለበት አደረግኸው፤ በማሽኑ ራስ ላይ እንደ ቀበቶ አጠለቅኸው። ፔዳሉ ላይ ካውያ ጫንክበት። ማሽኑ ያን አንድ ቀለበት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሰፋ አንተ የሰው ትከሻ ትለካ ነበር። ተኳሹ አንድ ሰዓት ቆሞ ሲጠብቅ አንዴም ያላቆመው ለዚህ ነው። ስትመለስ ካውያውን ከፔዳሉ ገፍተህ ማሽኑን አጥፍተህ፣ ቀለበቱን ቆርጠህ ጆንያው ውስጥ ወረወርከው። ከብጣሽ መካከል ብጣሽ ማን ያያል? ከዚያ ክፍሉ ታሸገብህ።» ኢንስፔክተሩ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጨርቅ ባታስገባበት ኖሮ እኔ እጄ ላይ ምንም አልነበረኝም። ድምፁ ያው ነው። ባዶውን ብታዞረው ይበቃህ ነበር።»

«ባዶውን?» አለ ሜትሮ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነውር የሰማ አይመስልም። «ማሽን ባዶውን አይዞርም! ጨርቅ ከሌለ የታችኛው ጥርስ ጨርቅ የሚጫነውን እግር ይበላዋል። ያ ማሽን ስንት ዓመት ተጠብቆ የኖረ... ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው እንዴት አድርጎ...»

ከኋላ የቆመው ፖሊስ የሚጽፍበት የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሲወስዱት ሜትሩን ከአንገቱ አወለቁበት። ልጅቷ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ። «ጠበቃዬ ይሄን ሁሉ ይተረትረዋል» አላት፣ ቀጠሮ እንደሚይዝ ሰው። «ከመቀሱ በፊት ያላወቁትን ከመቀሱ በኋላ አወቁ ይላል። እመለሳለሁ።»

*

በማግስቱ ጠዋት ሳጅኑ የኢንስፔክተሩን ሪፖርት ቆሞ አነበበ። አራት ሰዓት ላይ ያለ ትእዛዝ ተገባ፤ መቀስ ተወሰደ። ስምንት ሰዓት ላይ በመጀመሪያው ቀን ትእዛዝ መሠረት ጆንያ ተዘረገፈ። ምንም አልተዘለለም።

«ይሄ ከሥራ ያስወጣኛል» አለ።

«ሊሆን ይችላል።»

«ስለ መቀሱ ባይጽፉት ኖሮ...»

«እሱ አይናገረውም ብለህ ነው? እኛ ከደበቅነው ጆንያውንም አያምኑንም።»

ሳጅኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የራሱን ቃል በራሱ እጅ መጻፍ ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየተጫነ።

ልጅቷ አምስት ሰዓት ላይ መጣች። «መቀሱ ማስረጃ አይሆንም ተብያለሁ» አለች። «ካልሆነ ስጡኝ። የአባቴ ነው።»

«ዳኛው እስኪወስን አልችልም።»

«ማስረጃም አይደለም፤ መቀስም አይደለም?»

«ለጊዜው።»

«ዳኛው ጆንያውንም አልቀበልም ቢሉስ?»

ኢንስፔክተሩ ሊዋሽላት አልፈለገም። «ይፈታል።»

ሳጅኑ ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ «የኔ እህት፣ ቁልፉን ማን እንደሰጠኝ አልጻፍኩም። ‹በቁልፍ ገባሁ› ብቻ ነው ያልኩት» አላት።

«እና ጠበቃው ‹ከማን አገኘኸው› ሲልዎት?»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሜትሮማ እኔ መሆኔን ያውቃል። ዐይኔን እያየ ነው የሄደው» አለች። ወንበሩን ወደ ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛ አስጠጋች። «የኔንም ቃል ጻፉልኝ። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስሜንም ከነአባቴ ስም ጻፉት።»

ኢንስፔክተሩ አዲስ ገጽ ገለጠ። ቀኑን ጻፈ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ ስሟን ጠየቃት። የራሷንም የአባቷንም፣ ሳትቸኩል፣ ጥርት አድርጋ ነገረችው።